የገና ዋዜማ ምሽትና የቴሌቪዥናችን ገበታ



ኅዳር 15 ቀን የተጀመረው ጾመ ነቢያት ሊፈታ የቀረው የአንድ ሌሊት ዕድሜ ነው። በየቤቱ ሽንኩርቱ ተከትፏል፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ጠጁም ተጥሎ ደርሷል፤ በኮባ የተጋገረው ድፎ ዳቦ ሽታው እንግዳን ከደጅ ይቀበላል። እናት በጓዳና በሳሎን መካከል ስትመላለስ እግሯ አላረፈም። አባት በግቢው ጥግ የታሰረውን በግ ውኃ አጠጥቶ ይመለሳል። ልጆች ለነገ የተገዛላቸውን ልብስ ደጋግመው እያወጡ ያያሉ። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ከሳሎኑ አንድ ማዕዘን ድምፁ የማይቋረጥ ሌላ የቤተሰብ አባል አለ። እርሱም ትናንት ዳንቴል ለብሶ ብፌ ላይ ይቀመጥ የነበረው፣ ዛሬ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው።

እኛም በዚህ የበዓል ዕትማችን ስለ ቴሌቪዥኑ የዋዜማ ምሽት ልንነጋገር ወደድን። ጉዳዩ ለታላቅ በዓል የማይመጥን ቀላል ነገር የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በዚያች አንዲት ምሽት፣ ከዜናው እስከ ድራማው፣ ከአባታዊው ቡራኬ እስከ ዘፈኑ፣ የሚታየው ሁሉ እጅግ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚቀርብበት ገበታ ነው። ገበታውን የሚያሰናዳው ክፍል ምን በየትኛው ሰዓት እንደሚያቀርብ፣ ለገበታው የሚቀርበው ቤተሰብም እስከ መቼ እንደሚቆይና መቼ እንደሚነሣ ማወቁ የበዓሉን መልክ ይወስነዋል ብለን እናምናለን።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ የሥርጭቱ ሰዓት ጥቂት፣ የሚደርስበትም አካባቢ ከርእሰ ከተማዋ እምብዛም ያልራቀ ነበር። ባለ ቀለም ሥዕል የታየው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። በእነዚያ ዓመታት ቴሌቪዥን ያለው ቤት የባለቤቱ ብቻ አልነበረም። በበዓል ዋዜማ የሠፈሩ ልጆች ጫማቸውን በራፉ ላይ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ፤ አዋቂዎቹም «ቤት ለእንግዳ» ብለው ይገባሉ፤ ባለቤቲቱም ቡናዋን አፍልታ ትጠብቃለች። አንድ ጣቢያ ብቻ ስለ ነበር ሁሉም የሚያየው አንድ ነበር፤ በማግሥቱ የሚነሣውም ጨዋታ እንዲሁ አንድ ነበር። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ ጥንድ ጥንድ ሆነው ባቀረቧቸው ቀልዶች የሣቀ ሰው፣ በማግሥቱ የሣቀበትን ነገር ለጎረቤቱ መንገር አያስፈልገውም ነበር፤ ጎረቤቱም አብሮ ሥቋልና።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በሳተላይት የሚደርሱን ጣቢያዎች በርካታ ናቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በራሷ የቴሌቪዥን ሥርጭት ምእመናኗን ማስተማር ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። በአንድ ሳሎን ውስጥ አባት ዜና፣ እናት ተከታታይ ድራማ፣ ወጣቱ ደግሞ በእጅ ስልኩ የግሉን ነገር እያየ ሊያመሽ ይችላል። ታዲያ የሕዝቡ ጣቢያ የሚያሰናዳት የዋዜማ ምሽት ከቶ ምን ቀራት የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል።

በእኛ አስተያየት የቀራት ነገር ትልቅ ነው። የንግድ ጣቢያ ገበያውን፣ የእምነት ተቋም ጣቢያም ምእመኑን ማገልገሉ ተገቢ ነው። የሕዝብ ጣቢያ ግን ሽማግሌውንና ሕፃኑን፣ ካህኑንና ነጋዴውን፣ የከተማውንና የገጠሩን ሰው በአንድ ምሽት እንዲያስተናግድ ይጠበቅበታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ መደንገጉም ከዚሁ መንፈስ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ነው የዝግጅቱ መለያየት ለሕዝብ ጣቢያ ጌጥ ሳይሆን ግዴታ የሚሆነው። ቤተሰቡ ሁሉ ዛሬም ቢሆን በአንድ ማያ ፊት የሚሰበሰብባት ምሽት ብትኖር ይህችው የበዓል ዋዜማ ናት።

እስቲ ብዙዎቻችን ለዓመታት የለመድነውን የዋዜማ ምሽት በየተራ እንመልከት።

በመጀመሪያ የሚታወሰን የልጆች ሰዓት ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አባባ ተስፋዬ በመባል የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ቴሌቪዥን ሥራውን ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት ነግረዋል። በ2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ያዘነላቸው ሕፃን ብቻ አልነበረም፤ አያት የሆኑ ሰዎችም ከእርሳቸው ተረት ጋር ያደጉ ልጆች ነበሩ። አንድ ሰው፣ አንድ ወንበርና አንድ ተረት ትውልድን ለማነጽ እንደሚበቁ ያሳዩን እርሳቸው ናቸው። የበዓል ምሽት የልጆች ዝግጅት በፊኛና በጭፈራ ብቻ ሲሞላ፣ የልደቱን ታሪክ በልጅ ቋንቋ የሚነግር አንድ አንደበት ሲጠፋ፣ እኛ የምናስታውሰው ያንን ወንበር ነው።

ቀጥሎ የገበያው ዘገባ ይመጣል። ዘጋቢው በበግ ተራና በዶሮ ተራ እየተዘዋወረ ዋጋ ይጠይቃል፤ ሻጩ «ደኅና ነው» ሲል ገዢው «እሳት ነው» ይላል። ይህ ዘገባ ጠቃሚ ነው፤ ሕዝቡ የራሱን ኑሮ በራሱ ጣቢያ ማየት አለበትና። ነገር ግን በዓሉን በዶሮና በዕንቁላል ዋጋ ብቻ የሚለካ ዘገባ፣ ዘንድሮ ዶሮ መግዛት ያልቻለችውን እናት በልጆቿ ፊት ያሳፍራታል። ሽሮዋን ሠርታ፣ ቡናዋን አፍልታ፣ ነጠላዋን አጥባ ልደቱን የምታከብረው እናትም በዓሏ ሙሉ መሆኑን ከማያው ላይ ብትሰማ ምንኛ በተጽናናች! የተወለደው ጌታ የተኛው በከብቶች ግርግም መሆኑን ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ምሽት የለም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት የዜናው ሰዓት ነው። በዚያች ምሽት ዜና የሚታየው በሌላ ዓይን ነው። ልጇ በሩቅ ክፍለ ሀገር በግዳጅ ላይ ያለ እናት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በዓሉን በመጠለያ የሚያሳልፍ ወገን ያለው ቤተሰብ፣ ከዜናው የሚጠብቀው የሰላም ቃል ነው። የቅዱስ ፓትርያርኩ አባታዊ መልእክትና ቡራኬ በዚህችው ምሽት ሲተላለፍ ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው «አሜን» ማለታቸው የተለመደ ነው። እንግዲህ ቴሌቪዥን በእንጨትና በመስተዋት፣ በሽቦና በመብራት የተሠራ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ቡራኬ ያልፍበታልና።

ከዚያ በኋላ ምሽቱ ወደ ጨዋታ ይዞራል። አጫጭር ድራማ፣ ቀልድ፣ የባህል ዘፈን፣ ከታዋቂ ሰዎች ጋር የሚደረግ የበዓል ጭውውት ይከተላል። ሣቅ ኃጢአት አይደለም፤ የልደት ቀን የደስታ ቀን ነው። አባቶቻችን በገና ዕለት ሜዳ ወጥተው በቆልማማ ዱላ ሩር ሲመቱ፣ ጌታና ሎሌ ሳይለይ ሲጨዋወቱ ኖረዋል፤ በዕለቱ በጨዋታ መካከል የተሰነዘረ ቀልድም አያስቆጣም ነበር። የዛሬዎቹ ተዋንያንና ቀልደኞችም የዚያ ሜዳ ወራሾች ናቸው። የእኛ ቅሬታ በሣቁ ላይ ሳይሆን በሰዓቱ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልደት ዋዜማ ገሃድ ነው፤ ይጾማል። ምእመኑ ጾሙን የሚፈታው ማሕሌቱ ተቁሞ፣ ቅዳሴው ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ሲፈጸም ነው። ይህ እየታወቀ ከሌሊቱ በፊት፣ ገና በምሽቱ መጀመሪያ፣ በማያው ላይ ዶሮው ይወጣል፤ ክትፎው ይቀርባል፤ ጥሬ ሥጋው ተሰቅሎ ይቆረጣል፤ እንግዶቹም እየተጎራረሱ ይታያሉ። ዝግጅቱ ቀደም ብሎ፣ በጾሙ ወራት የተቀረጸ መሆኑን ተመልካቹ አያጣውም። በዚያ ሰዓት እህል ሳይቀምስ፣ ልጁንም «ትንሽ ታገሥ» እያለ የዋለ ወላጅ ለልጁ ምን ብሎ ይመልስ? 43 ቀን ሙሉ ያስተማረውን ትዕግሥት ማያው በአንድ ሰዓት ያፈርስበታል። ያው ዝግጅት በማግሥቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ቢታይ ግን ማንንም አያስቀይምም፤ እንዲያውም ከገበታው ጋር አብሮ ይጣፍጣል። ከምግቡ ይልቅ የሰዓቱ ነገር ነው ቅር ያሰኘን ማለታችን ስለዚህ ነው።

የመጠጡ ነገርም ከዚሁ ጋር ይነሣል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ መደረጉ ብዙ ወላጆችን አስደስቷል። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት የበዓል ምሽቶች የልደቱ መዝሙርና የቢራው ዜማ እየተፈራረቁ ሲሰሙ የታዘበ ሰው፣ የዛሬው ዕረፍት ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ሕግ የሚከለክለው ማስታወቂያውን ነው። ስካርን እንደ ጀግንነት፣ የሰከረን አባት እንደ መሣቂያ አድርጎ የሚያቀርብ ድራማ ቢኖር ይህን የሚከለክለው የአዘጋጁ ኅሊና ብቻ ነው። አባቱ በበዓል ማታ ሰክሮ የሚገባበት ልጅ ያንን ቀልድ አይቶ አይሥቅም።

አሁን ወደ ምሽቱ ከፍተኛ ስፍራ እንመለስ። ይኸውም ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የሚተላለፈው ሥርጭት ነው። በእኛ እምነት የሕዝብ ቴሌቪዥን በዓመት ውስጥ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ጥቂት ነው።

ለማን እንደሚጠቅም እናስብ። ጉልበቷ ደክሞ ከአልጋዋ ወርዳ ወደ ደጀ ሰላም መሄድ የማትችል አሮጊት እናት በየሠፈሩ አለች። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ዋዜማ ሳታስታጕል የቆመች ናት። ዛሬ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ነጠላ አጣፍተው ሲወጡ እርሷ ትቀራለች። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ከበሮውንና ጸናጽሉን ይዞ ወደ ቤቷ ይገባል። ወንጌል ሲነበብ ጧፏን አብርታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ለመቆም ትታገላለች። የታመመውም፣ በቅርቡ የወለደችውም፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ያለውም፣ በዘብነት ቤት ውስጥ የሚያድረውም እንደ እርሷ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ደግሞ የልደቱ ቀን ለአሠሪዎቿ ተራ የሥራ ቀን ነው። ሥራዋን ጨርሳ፣ በጠባቧ ክፍሏ በእጅ ስልኳ የአገሯን ማሕሌት ስታይ፣ የሚወርደው ዕንባዋ የናፍቆት ብቻ አይደለም፤ አልተረሳሁም የምትልበትም ነው።

ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩን ቅዳሴን በማያ ማየት በቤተ መቅደስ ተገኝቶ ከማስቀደስ ጋር አንድ አይደለም። ለመቆም አቅም ያለው ሰው ቴሌቪዥኑን ሰበብ አድርጎ ከቤቱ ሊቀር አይገባውም። ለማይችለው ግን ይህ ሥርጭት ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቱ የተከፈተ መስኮት ነው።

ከሥርጭቶቹ ሁሉ ልብን የሚመስጠው ከላሊበላ የሚተላለፈው ነው። ዓለቱ ተፈልፍሎ በታነጹት፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት 11 አብያተ ክርስቲያናት ደብር የልደት በዓል እጥፍ በዓል ነው፤ የጌታ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን ይከበራልና። በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከሁለት ተከፍለው፣ ከፊሎቹ ከላይ በማሜ ጋራ ከፊሎቹም ከታች በቅጥሩ ውስጥ ሆነው የቤዛ ኵሉን ዝማሬ ሲቀባበሉ፣ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉትም የእረኞች ምሳሌ መሆናቸውን ሊቃውንቱ ይነግሩናል። ሰማይና ምድር በአንድ ዝማሬ የሚገናኙበት ሥርዓት ነው። ነጭ ለብሶ የዓለቱን አፋፍ የከበበውን ሕዝብ ያየ ሰው ለመግለጽ ቃል ያጥረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ዝማሬው ሲጀመር ድምፁን በአስተያየት መሸፈን አይገባም። አንዳንድ ጊዜ ካህናቱ እየዘመሩ ሳለ የአቅራቢው ንግግር ከዜማው በላይ ይሰማል፤ የበዓሉን ታላቅነት ለመናገር ሲባል በዓሉ ራሱ እንዳይናገር ይሆናል። በሌላ በኩል ፈጽሞ ያለ ማብራሪያ ማለፉም ለወጣቱ አይበጅም። ግእዝ የማይሰማ ልጅ ካህናቱ ምን እንደሚሉ፣ መቋሚያው ለምን ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚል፣ ከላይና ከታች ያሉት ለምን እንደሚቀባበሉ ሊነገረው ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማብራሪያውን የሚያውቅ ሊቅ ከዝማሬው በፊትና በኋላ ይናገር፤ በዝማሬው ጊዜ የግእዙ ትርጕም በጽሑፍ ከሥር ይለፍ፤ መስማት ለተሳናቸው ወገኖችም ለዜናው የተለመደው የምልክት ቋንቋ ለበዓሉም ይድረሳቸው። የአያቱን እምነት በአያቱ ቋንቋ ብቻ የሰማ ልጅ በዓሉን እንደ ትርኢት ያየዋል። የተተረጐመለት ልጅ ግን ወራሽ ይሆናል።

ስለ ሌሎች ወገኖቻችንም አንድ ቃል ማለት ይገባናል። የሕዝብ ቴሌቪዥን የሁሉም ነው። በዚያች ምሽት ሙስሊሙ ጎረቤታችንም ያንኑ ማያ ያያል፤ የሌላ እምነት ተከታዩም እንዲሁ። እኛም በበኩላችን በረመዳን ማታ የሚቀርበውን ዝግጅት፣ የዒድ ሰላት ሥርጭትንም አይተን ለጎረቤታችን «እንኳን አደረሰህ» ስንል ኖረናል። አንዱ የሌላውን በዓል ሳይሸማቀቅ ማየት የሚችለው ዝግጅቱ ጨዋ ሲሆን ነው። የራሱን በዓል ለማክበር የሌላውን የሚነካ ቃል የማይወጣበት፣ ማንንም እንግዳ የማያደርግ ገበታ ሊሰናዳ ይችላል። ለዘመናት በአንድ ግቢ የኖረ ሕዝብ ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአጥሩ ሥር ከሚያቀብለው ሙዳይና ሳህን ነው።

እስካሁን የተናገርነው ለአዘጋጆቹ ነበር። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በእነርሱ ላይ ጭነን ብንቀመጥ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። መክፈቻውም መዝጊያውም ያለው በእኛ እጅ ነውና።

ስንቶቻችን ነን ለማሕሌት ልንሄድ ነጠላችንን አጣፍተን «ይቺን ድራማ ብቻ ጨርሰን» ብለን ተቀምጠን፣ ድራማው ወደ ዘፈን፣ ዘፈኑ ወደ ቀልድ ተሻግሮ እንቅልፍ ወንበራችን ላይ የጣለን? ስንቶቻችን ነን ከሩቅ አገር ለበዓል የመጣውን ወንድማችንን ከጎናችን አስቀምጠን ዓይናችን ግን ከማያው ያልተነቀለ? በቤተልሔም ለተወለደው ጌታ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አልተገኘለትም። ማረፊያው የሞላው በክፉዎች አልነበረም፤ በተራ ሰዎች፣ በተራ ጉዳይ ነበር። የእኛም ምሽት በክፉ ነገር ሳይሆን በደኅና ነገር፣ በአንዱ ዝግጅት ላይ ሌላውን በመደረብ ከሞላች፣ የልደቱ ባለቤት ስፍራ ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ለቤተሰብ የምናቀርበው ምክር ከባድ አይደለም። ዜናው ተሰምቶ፣ ቡራኬው ተቀብሎ፣ ልጆቹ የልደቱን ታሪክ ካዩ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ቴሌቪዥኑ ይዘጋ። በዚያች ሰዓት አያት ስለ ልጅነታቸው ገና ይናገሩ፤ የገና ዱላ ከየትኛው እንጨት ተቈርጦ እንዴት እንደሚቀለበስ ለልጅ ልጃቸው ያሳዩ። በጓዳ ውስጥ ከንጋት ጀምራ ስትደክም የዋለችው የቤት ሠራተኛም፣ ከወላጆቿ ርቃ በሰው ቤት በዓል የምታከብር የሰው ልጅ ናትና፣ ከገበታው አጠገብ ወንበር ይሰጣት፤ ወደ አገሯም እንድትደውል ስልክ ይቅረብላት። ለማሕሌት የሚሄድ ይሂድ። ለሚቀረው ደግሞ ማያው ይከፈትለት፤ ከአሮጊቷ እናት ጋርም አንድ ሰው ይቀመጥ። ብቻዋን ከምታየው ማሕሌት ከልጅ ልጇ ጋር እየተረጎመች የምታየው ይበልጣልና። ጨዋታውና ሣቁ፣ ዘፈኑና ድራማው በነጋታው ይደርሳሉ፤ አያመልጡም።

ለአዘጋጆቹም ምስጋናችንን ሳናቀርብ ይህን ጽሑፍ ብንዘጋ ውለታ ቢስ እንባላለን። እኛ ከቤተሰባችን ጋር ተሰብስበን በምናይባት ሌሊት፣ የካሜራ ባለሙያው በላሊበላ ብርድ በዓለቱ አፋፍ ቆሟል፤ ድምፅ ቀራጩ ከማሕሌቱ አጠገብ ሽቦውን ይዞ ተንበርክኳል፤ ዜና አንባቢውና መሐንዲሱ በስቱዲዮ ውስጥ አድረዋል። የእነርሱም ልጆች አባታቸውንና እናታቸውን በቤታቸው ይጠብቃሉ። ሌሎች በዓል እንዲያዩ የራሱን በዓል የሚያሳልፍ ሰው ዋጋው ቀላል አይደለም።

ይህን ስናስብ ወደ ልባችን የሚመጡት የቤተልሔም እረኞች ናቸው። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ነገረን፣ የልደቱ የምሥራች በመጀመሪያ የተነገረው በቤተ መንግሥት ለተኙት አልነበረም። በሜዳ አድረው መንጋቸውን በሌሊት ለሚጠብቁት፣ ለነቁት ነበር። የምሥራቹ ዛሬም የሚሻው የነቃ ሰው ነው። በማሕሌት የቆመው ካህን፣ በሕሙማን አጠገብ ያደረችው ነርስ፣ በድንበር የቆመው ወታደር፣ በካሜራው ሥር የቆመው ባለሙያ፣ በአልጋዋ ላይ ሆና ማያውን የምትመለከተው አሮጊት፣ ሁሉም የዚያች ሌሊት እረኞች ናቸው። ቴሌቪዥናችን እነዚህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊያገናኛቸው ይችላል። ይህን ካደረገ ሥራው የተመሰገነ፣ ምሽቱም የተባረከ ይሆናል። ካላደረገም ዝግጅቱ የቱንም ያህል ልዩ ልዩ ቢሆን፣ ቁጥሩ የበዛ ሳህን የቀረበበት ግን እህል የሌለበት ገበታ ይሆናል።

ገበታው የሞላ፣ ሌሊቱም የነቃ እንዲሆን እየተመኘን፣ በዓሉ የሰላም፣ የፍቅርና የመረዳዳት ይሆን ዘንድ ምኞታችንን እንገልጻለን።

መልካም የልደት በዓል!